ወረቀቱን ማን ይጠብቅ? ከዋጊኖስ እስከ ጤፍ

ዛሬ ስለ ወረቀት እናወራለን። ስለ ፍቅር ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ! ስለ ውል፣ ስለ ፓተንት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቅጽ ነው። ይገባናል፣ ከአሁኑ ማዛጋት ጀምራችኋል። ግን ታገሡን። ወረቀቱ ውስጥ እንጀራችሁ አለበት። ለማጋነን አይደለም፤ ያው የምትበሉት እንጀራ።

ነገሩን የቀሰቀሰብን ኮላ ድባ ነው። ከጎንደር ተነስታችሁ በአዘዞ በኩል የጎርጎራን መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ፣ ጣና ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የደምቢያ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሜዳ፣ ሜዳው ጥቁር አፈር፣ አፈሩ ላይ ጤፍና ሽምብራ። አንድ ጓደኛችን ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፉ መጠይቅ ሊያስሞላ ሲሄድ እኛም ለሽርሽር ተከተልነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ስለ ዘር፣ ስለ አፈር፣ ስለ ጎተራ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረገፉለት። ከአንድ ሰዓት በላይ! እሱም ጻፈ፣ ጻፈ… በመጨረሻ የፈቃድ ወረቀቱን አቀረበላቸውና ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ጠየቁ፦

«ለመሆኑ የኔ ልጆች፣ ይኼን ሁሉ ጽፋችሁ ለማን ትሰጡታላችሁ?»

«ለዩኒቨርሲቲው፣ አባቴ።»

«ዩኒቨርሲቲውስ ለማን ይሰጠዋል?»

ጸጥ አልን። አንድ ሽማግሌ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እየጠረጉ የጠየቁትን ጥያቄ የሚመልስ ተማሪ ከመካከላችን አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። መልሱ ታሪክ ስላለው ወደ ኋላ እንመለሳለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ውሎቹና ፓተንቶቹ የሚቆጥሩት በዚያ ስለሆነ።)

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ሳይጨምሩበት ቀርተዋል፦ ወራሹ ማን ነው? መጽሐፉ በማን ስም ተጻፈ? ከተጻፈ በኋላስ ማን ጠበቀው?

ሳይጻፍ የሄደው፦ ዋጊኖስ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት፣ ጉልበቱ ግን የራስ ሚካኤል ስሁል፤ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በቁስቋም ግቢያቸው። በዚያ ሰሞን ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ በሐኪምነቱ የቤተ መንግሥቱን ደጅ አስከፈተ። ዓባይን ከምንጩ አየሁ ብሎ፣ ጦርነት አይቶ፣ መጽሐፍ ሰብስቦ፣ በ1771 መጨረሻ ወደ ሱዳን የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

በዚያ መንገድ ላይ፣ በመተማ በኩል ባለው የራስ ኤል ፊል ቆላ፣ ሐኪሙ ራሱ ታመመ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ይዞት የመጣው መድኃኒት አልረዳውም። ያዳነው የአገሬው ሰው ያሳየው ቁጥቋጦ ነው፤ የሥሩን ልጣጭ አድርቆ መፍጨት ነው ጥበቡ። ስሙ ዋጊኖስ። እናቶቻችን ዛሬም ያውቁታል።

ብሩስ ይኼን አልደበቀም። በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ከአገሬው እንደተማረው ራሱ ጽፎታል። ተክሉ ግን አውሮፓ ሲደርስ ሌላ ስም ወጣለት፤ ከ1779 ጀምሮ በሳይንስ መዝገብ የሚታወቀው «ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ» ተብሎ ነው። የብሩስ፣ ተቅማጥ አስቁም፤ እንደ ማለት። ያሳየው ሰው ስም የለም፣ የመንደሩም ስም የለም። በሽተኛው ስሙን ለመድኃኒቱ ሰጠ!

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ተክል የካንሰር ሕዋስን የሚያጠቃ ንጥረ ነገር ለዩ። ስሙን «ብሩሲያንቲን» አሉት። ነገሩ እስከ ሕሙማን ሙከራ ደርሶ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጠበቀውን ውጤት ስላላሳየ ቆመ። ስለዚህ «ሚሊዮኖች ተዘረፍን» ብለን አናለቅስም። ልብ በሉልን፣ የምንለው ሌላ ነው፦ መድኃኒቱ ሠርቶ ቢሆን ኖሮስ? የመተማ ቆላ ሰው «ይህ ከእኔ ነው የወጣው» ብሎ የሚያሳየው አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረውም። በዚያ ዘመን ተክልና የተክል ዕውቀት «የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ» ይባል ነበር። አገሮች በብዝኃ ሕይወት ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጻፈው ገና በ1992 ነው።

ብሩስ ከጎንደር ይዞ የሄደው ሌላም ነገር አለ፦ የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ቅጂዎች። ለአውሮፓ ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፍ ጠብቆ ያቆየው የእኛ ቆሞስና ደብተራ ነው፤ ተርጉሞ ያሳተመው ግን የኦክስፎርዱ ምሁር ሪቻርድ ሎረንስ፣ በ1821። በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ተብሎ የለ?

ተጽፎ የሄደው፦ እንዶድ

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንግባ። በ1953 ደምቢያን ወባ አጠቃት። በአንድ ወረርሽኝ ብቻ 7,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በማግሥቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያወጣ ነበር። ኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ተማሪዎቹ ከክፍል ወጥተው ሕዝቡን ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ያ ኮሌጅ ነው አድጎ አድጎ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። እንግዲህ አዛውንቱ «ዩኒቨርሲቲው ለማን ይሰጠዋል?» ሲሉ፣ ዩኒቨርሲቲውን መጀመሪያ የወለደው የደምቢያ ሰው ሞት መሆኑን ያውቁ ይሆን? እኛ ግን አላወቅንም ነበር። አሁን ስናውቅ አፈርን።

በዚያው ትውልድ ውስጥ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይነሳሉ። በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሴቶች በወንዝ ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ፣ ከሥር ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈዋል። ምክንያቱ እንዶድ ነበር፤ አያቶቻችን ለዘመናት ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ፍሬ። ሳሙና መስሎን የኖረው ነገር የበሽታ አስተላላፊ ገዳይ ሆኖ ተገኘ!

ዶክተር አክሊሉ ያገኙትን እንደ ሳይንስ ሰው ለዓለም አሳተሙ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው የተሻለውን የእንዶድ ዓይነት መርጠው ለማራባት ደከሙ። በ1989 ሁለቱም «አማራጭ ኖቤል» በሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተከበሩ። ክብር ይገባቸዋል።

ከዚያ 1990 መጣ። በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያ ሰሞን የአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ጭንቅ ላይ ነበሩ፦ ዜብራ መስል የሚባል ከውጭ የገባ ባለ ዛጎል ፍጥረት የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ። ዶክተር አክሊሉም እንዶድ እንዲሞከርበት ሐሳብ አቀረቡ። ተሞከረ፣ ሠራ። ከዚያስ? ዩኒቨርሲቲው የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ1993 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ዶክተር አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ እንደ አንዱ ስማቸው ተጽፏል። የባለመብት ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ግን የሰፈረው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ፓተንት ማለት መንግሥት ለአንድ ፈጠራ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ብቸኛ መብት ነው፤ በልዋጩ ፈጠራው እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝብ ይገለጣል። ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ነገሩ አዲስ መሆን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ እርምጃ መኖር፣ በሥራ ላይ ሊውል መቻል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አንዴ በጆርናል ከታተመ በኋላ «አዲስ» አይደለም፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። የድሃ በሽታ መድኃኒት ክፍት ቢሆን ማን ይጠላል? ነገር ግን ከክፍቱ ዕውቀት ላይ ተነስቶ የተገኘ አዲስ ጥቅም፣ ማለትም ዜብራ መስልን መግደል፣ እንደገና ሊዘጋ ይችላል። የሚዘጋውም ማመልከቻውን ቀድሞ ያስገባ ነው።

በቶሊዶና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው ልዩነት የጭንቅላት አልነበረም። ጭንቅላቱ የእኛ ነበር። ቶሊዶ ግን ሐሳብ ሲወለድ «ይኼ መመዝገብ አለበት» ብሎ ወረቀት የሚያዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚያ ዘመን በእኛ አገር የፓተንት ሕግ እንኳ አልነበረም፤ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1995 ነው።

ተፈርሞ የሄደው፦ ጤፍ

«እንግዲህ ሕግ ካወጣን፣ ውል ከተፈራረምን፣ ችግሩ አለቀ» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። ጤፍ ግን ሐሳባችንን አስለወጠችን። ይኼንን ታሪክ የኮላ ድባ ገበሬ ሊሰማው ይገባል፤ እርሻው ነውና።

በ2003 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ከሆላንዱ ላረንስታይን የግብርና ኮሌጅና አብሮት ከሚሠራ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የትብብር ሰነድ ተፈራረመ። ልብ በሉ፣ በሩን ያንኳኳው ኮሌጅ ነው፤ ምርምር ነው የተባለው። የጤፍ ዘር ተላከ። በዚያው ዓመት በሐምሌ 22 ቀን ሆላንድ ውስጥ አንድ የፓተንት ማመልከቻ ገባ። ርእሱ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ነው።

ከዚያ ከ20 ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2005፣ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ትልቅ ስምምነት ተፈረመ። በአንድ ወገን የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ፣ በሌላ ወገን «ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» የተባለ የሆላንድ ኩባንያ። ለ10 ዓመት። ወረቀቱን ስታነቡት ያምራል! ኩባንያው ከትርፉ ያካፍላል፤ ለጤፍ ገበሬዎች በሚቋቋም ፈንድ ውስጥ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ ይከፍላል፣ ያም በዓመት ከ20,000 ዩሮ አያንስም፤ የምርምር ውጤቱን ያጋራል፤ በጤፍ ዘረ መል ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አያነሳም። ዓለም አጨበጨበ። የብዝኃ ሀብትን ጥቅም ለመጋራት አርአያ የሚሆን ውል ተባለ።

ውጤቱን ደግሞ እነሆ። በጥር 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። በእነዚያ ዓመታት በሙሉ ኢትዮጵያ ከዚያ ውል ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ነው። ዜሮ አልጎደለብንም፤ አራት ሺህ!

ዋናው ቁም ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ኩባንያው ሲከስር ውሉ አብሮ ሞተ። ፓተንቱ ግን አልሞተም። የኩባንያው ሰዎች በሌላ ስም ሌሎች ኩባንያዎች አቋቁመው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ፓተንቱም ወደ አንዱ ተላለፈ። አዲሶቹ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ጋር የፈረሙት ነገር የለም። ግዴታው መቃብር ገባ፣ መብቱ ተረፈ።

ፓተንቱስ ምን ይል ነበር? «ጤፍ የኔ ናት» አይልም፤ ብዙ ጊዜ የሚወራው ይኼ ስሕተት ነው። የሚለው ስለ ዱቄቱ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አርፎ፣ በላቦራቶሪ የሚለካ አንድ የዱቄት ጥራት ቁጥር የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ የተፈጨ፣ ግሉተን የሌለው የጤፍ ዱቄት፤ ከእሱም የሚጋገር ዳቦና ሌላ ምግብ። በቀላል አማርኛ፣ «እህሉን አሳርፎ መፍጨት» በኬሚስት ቋንቋ ሲጻፍ ማለት ነው። ኮላ ድባ ላይ ጎተራ የሌለው ገበሬ ካለ ንገሩን!

በመጨረሻ ያንን ፓተንት የጣለው ማን መሰላችሁ? እኛ አይደለንም። የፓተንቱ ባለቤት «ኤንሸንትግሬን» የጤፍ ዱቄት ድብልቅ የሚሸጠውን «ባኬልስ» የተባለ ሌላ ኩባንያ ሆላንድ ውስጥ ከሰሰው። ባኬልስም ራሱን ሲከላከል ፓተንቱ ከመጀመሪያውም መሰጠት አልነበረበትም ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ በሆላንድ ውድቅ አደረገው። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት 2019፣ የእኛ ዐቃቤ ሕግ ዜናውን አበሠረ። ደስ አለን፣ ዘለልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ግን እንጠይቅ፦ ከ2007 እስከ 2018 ባሉት 11 ዓመታት ማን ነበር የሚጠብቀው?

በአውሮፓ ሕግ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ለ9 ወር ማንም ሰው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ማንም! ያ መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ። ፓተንቱ ለዓለም በግልጽ የሚታይ ሰነድ ነው፤ የተደበቀ ነገር አልነበረም። በየወሩ የፓተንት መዝገብ ውስጥ «ጤፍ» የምትለውን ቃል የሚፈልግ አንድ ደመወዝተኛ ቢኖረን ኖሮ…

ቢሮው ምን ይሠራል?

እንግዲህ ሦስቱን ደርድሯቸው። ዋጊኖስ ሳይጻፍ ሄደ። እንዶድ ተጻፈ፣ ግን ሳይመዘገብ ሄደ። ጤፍ ተጻፈች፣ ተፈረመች፣ ግን ሳትጠበቅ ሄደች። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ስሕተት አርሟል፤ ከዚያ አዲስ ስሕተት ሠርቷል። የእኛ ትውልድ ፈንታ አራተኛው ነው።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይኼን የሚከታተል ክፍል አለ። ሥራው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የምርምር ውል ነው፦ ከኩባንያ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስንሠራ ናሙናው የማን ነው? መረጃው የማን ነው? ውጤቱን ማን ያሳትማል? ፓተንት ቢወጣ ማን ይይዘዋል? ባልደረባው ቢከስር ወይም ቢሸጥ ግዴታው ለገዢው ይተላለፋል? የጤፍ ውል ላይ የመጨረሻዋ ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለችን አይተናል።

ሁለተኛው ፈጠራን ማሳወቅ ነው። ተመራማሪው አዲስ ነገር ያገኘ ሲመስለው፣ ከማሳተሙ በፊት፣ ለዩኒቨርሲቲው ቅጽ ይሞላል። ምን አገኘህ? መቼ? ከማን ጋር? በማን ገንዘብ? ናሙናውን ከየት አመጣህ? ለማን ነገርክ? መቼ ልታሳትም ነው? ቢሮው ይኼን አይቶ ይወስናል፤ ይመዝገብ ወይስ ለሁሉም ክፍት ይሁን? «ከማሳተሙ በፊት» የምትለዋ ቃል ወርቅ ናት። በአውሮፓ ሕግ ከማመልከቻው በፊት አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስነቱን ያጣል። አሜሪካ ለፈጣሪው የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች። ስለዚህ ዎርክሾፕ ላይ በስላይድ ያቀረብከው ነገር፣ ወንድሜ፣ ሻይ እረፍት ላይ የአንተ መሆኑ ሊያበቃ ይችላል።

ወረቀቱ የለንም እንዳንል ደግሞ አለን። በ2003 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል፤ አሁን ባለሥልጣን ተብሏል። በ2006 አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ፤ የጤፍ ውል ከተፈረመ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ቀደም ቢል ኖሮ! አዋጁ የዘረ መል ሀብት ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ እንደሆነ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ግን ያ ማኅበረሰብ ራሱ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕውቀታቸውን ለመውሰድ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግድ ነው። ከዘረ መል ሀብታቸው በገንዘብ ከሚገኘው ጥቅም ለአካባቢው ማኅበረሰብ ግማሹ ይደርሰዋል። አያችሁ? የኮላ ድባው አዛውንት በሕግ ፊት መጠይቅ ሞልተው የሚሸኙ ሰው ብቻ አይደሉም፤ ባለቤት ናቸው።

ዓለምም ወደዚያው እየመጣ ነው። የናጎያ ፕሮቶኮል በ2014 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በግንቦት 2024 ደግሞ በጄኔቫ አዲስ ስምምነት ጸደቀ፦ በዘረ መል ሀብት ወይም በባህላዊ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ከየት አገር፣ ከየትኛው ማኅበረሰብ እንዳገኘው መግለጥ አለበት የሚል። 15 አገሮች ሲያጸድቁት በሥራ ላይ የሚውል ነው። ብሩስ በ1790 በገዛ ፈቃዱ በመጽሐፉ የነገረንን፣ የዛሬው አመልካች በግዴታ ቅጽ ላይ ይጽፈዋል ማለት ነው። ዋጊኖስ 234 ዓመት ቆይቶ ሰሚ አገኘ።

ወደ ኮላ ድባ

አንድ ነገር እንዳይምታታ እንፈልጋለን። ሁሉ ነገር ይቆለፍ እያልን አይደለም። ከ2002 እስከ 2011 ባለው ጊዜ በኮላ ድባ ጤና ጣቢያ 59,208 የደም ናሙና ለወባ ተመርምሯል፤ ከእነዚህ ውስጥ 23,473ቱ፣ ማለትም 39.6 በመቶው፣ ወባ ተገኝቶባቸዋል። ይኼንን የምናውቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጤና ጣቢያውን የአሥር ዓመት መዝገብ አገላብጠው በ2012 ማንም በነፃ ሊያነበው በሚችል ጆርናል ላይ ስላሳተሙት ነው። እንኳን አሳተሙት! እንዲህ ያለ ዕውቀት ሲዘጋ ሰው ይሞታል፤ ደምቢያ በ1953 አይታዋለች።

ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ አንድ የተወጋ ጣት አለ። መዝገቡን በሻማም በፋኖስም የሞላ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። ክፍት ማድረግም ውሳኔ ነው፤ መመዝገብም ውሳኔ ነው። ስሕተቱ ሳይወስኑ መቅረት ነው። ዋጊኖስም እንዶድም የሄዱት አንድ ሰው ተቀምጦ «ይኼ ይከፈት፣ ያ ይመዝገብ» ብሎ ስላልወሰነ ነው። ጤፍ ደግሞ ተወስኖባት፣ ተፈርሞባት፣ ፋይሏ መደርደሪያ ላይ ስለተረሳ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ተማሪ ናችሁ፣ አስተማሪ ናችሁ፣ ፕሮጀክት ላይ ትሠራላችሁ። ነገ ከውጭ የመጣ ባልደረባ አንድ ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርም፣ ፎርማሊቲ ነው» ይላችኋል። አበልም ይኖረዋል። በዚያች ደቂቃ የአዛውንቱን ጥያቄ አስቧት፦ ለማን ትሰጡታላችሁ? እሱስ ለማን ይሰጠዋል? መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ብዕሩን አስቀምጡ። ከፈረማችሁም ቅጂውን ያዙ፣ በየዓመቱ አውጥታችሁ አንብቡት፣ የባልደረባችሁን ስም በፓተንት መዝገብ ውስጥ ፈልጉት። አሰልቺ ሥራ ነው። ሽልማት የለውም። የጤፍ ታሪክ ግን የጎደለው ይኼው አሰልቺ ሥራ ነበር።

ጓደኛችን ጥናቱን ጨርሷል። እኛም ወተወትነውና የጽሑፉን ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ አማርኛ አሳጥሮ ኮላ ድባ ወረደ። አዛውንቱ ቤት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሁለት ቦታ አረሙት፦ የአፈሩን ስም ተሳስቶ ነበር፣ የአንዱን ጤፍ ዘር ደግሞ ከሌላው አምታቶት ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ከመሬት ግብር ደረሰኛቸው ጋር፣ ሳጥን ውስጥ፣ አስቀመጡት።

ቢያንስ አንድ ወረቀት ጠባቂ አግኝቷል።